‹ኔትወርክ የለም› ሲባል የቱ ነው የሌለው?

ከጅማ አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች። «ሄርማታ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ራውተር አለኝ። ዋይፋዩ ሁሌም ሙሉ ነው። አንዳንድ ቀን ግን ድረ ገጽ አልከፍት ይላል፤ ቴሌግራም ደግሞ ይሠራል። ሦስተኛው ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጭራሽ ማተም እንኳ ያቅተዋል። አራተኛው ላይ ድረ ገጽ ስከፍት ‹ግንኙነትዎ የግል አይደለም› የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ባለሙያ ስጠራ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራና ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ለመሆኑ አይፒ፣ ዲኤንኤስ፣ ቲሲፒ የሚሏቸው ምንድን ናቸው? ኮምፒውተሮቹስ እንዴት ነው የሚነጋገሩት?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው «አስተካክልልኝ» ይላል እንጂ «እንዴት ነው የሚነጋገሩት?» ብሎ አይጠይቅም። እኔም እዚሁ ጅማ ኬብል ስጎትትና ራውተር ስሰቅል ዓመታት አልፈዋል። እኛ ዘንድ ለሁሉም ብልሽት ያለው ስም አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም» እንላለን። አንቺ ሱቅ ውስጥ ያሉት ግን ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ የሚያድነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም የማይለውጠው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሮች የሚግባቡት በብዙ ትንንሽ ስምምነቶች ነው። ፕሮቶኮል የምንለው አንዱን ስምምነት ነው። ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ምን ይላል፣ መልስ ካጣ ምን ያደርጋል የሚለውን ይወስናል። እያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ ይዟል። በሌላው ሥራ አይገባም። ስለዚህ ነገር ሲበላሽ መጠየቅ ያለብሽ «የትኛው ስምምነት ነው የፈረሰው?» ብለሽ ነው።

ከዋይፋዩ ልጀምር። ያ ሙሉ የሚታየው ምልክት የሚነግርሽ ኮምፒውተሩና ራውተሩ በሬዲዮ እንደሚደማመጡ ብቻ ነው። ከጠረጴዛሽ እስከ ግድግዳው ያለችው አምስት ሜትር ደህና ናት ማለት ነው። ከራውተሩ ወዲያ ስላለው አንድም ነገር አይናገርም። ከውጭ የሚመጣውን መስመር ከራውተሩ ላይ ነቅለሽ እዪው። የዋይፋዩ ጉልበት ያው ሙሉ ነው። አንዴ በዓይንሽ ካየሽው ሁለተኛ በዚያ ምልክት አትታለይም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ኮምፒውተር። ኔትወርክ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ዕቃ አድራሻ ያስፈልገዋል። ያ ነው አይፒ አድራሻ። እንደ 192.168.1.12 ያለ፣ በነጥብ የተለያየ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 የሆነ አራት ቁጥር ነው። ሱቅሽ ውስጥ ይህንን የሚያድለው ራውተሩ ነው። የሚያድልበት ስምምነት ዲኤችሲፒ ይባላል። ንግግራቸው አጭር ናት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ማንንም አያውቅምና ለሁሉም ይጮኻል፦ «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ራውተሩ «አለሁ፤ 192.168.1.12 ይሁንልህ» ይለዋል። ኮምፒውተሩ «እሺ፣ እሱን ልያዘው» ይላል። ራውተሩም «ያዘው፣ ለ24 ሰዓት» ብሎ ይመዘግባል። ኪራይ ነው ማለት ነው። የኪራዩ ዘመን ራውተሩ ላይ የሚስተካከል ሲሆን 24 ሰዓት የተለመደ ነው። ከአድራሻው ጋር ሌላም ነገር ይሰጠዋል፤ ወደ ውጭ መውጫው በር የቱ እንደሆነ፣ ስም የሚጠየቀውም ማን እንደሆነ። የኋለኛዋን ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሚመልስለት ሲያጣስ? ዊንዶውስ ደጋግሞ ጮሆ ሲያበቃ ለራሱ አድራሻ ያወጣል። ያ አድራሻ ሁልጊዜ በ169.254 ይጀምራል። ይህን ቁጥር ካየሽ ኮምፒውተሩ «አድራሻ የሚሰጠኝ አጣሁ» እያለሽ ነው። ፕሪንተርሽ ያለው በ192.168.1 በሚጀምረው ሰፈር ነው። ይህኛው ደግሞ ብቻውን ሌላ ሰፈር ሄዷል። ቢጠሩትም አይሰማም። ማተም ያቃተው ለዚህ ነው።

ለምን መብራት ሲመጣ? ግምቴን ልንገርሽ። ተማሪዎች ሰነድ ለማሳተም ይመጣሉ፣ የዋይፋይ ፓስወርድሽንም ያውቁታል። ስልክ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ አይጠፋም። ራውተሩ እንደተነሳ በአካባቢው ያለው ስልክ ሁሉ ተሽቀዳድሞ አድራሻ ይወስዳል። አንቺ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ የምታበሪው ከዚያ በኋላ ነው። ራውተሩ የሚያድለው 20 ወይም 30 አድራሻ ብቻ ከሆነ ለመጨረሻው አይተርፍም። ጠዋት የመጣ ተማሪ ቢሄድም አድራሻው ለ24 ሰዓት በስሙ ተይዟል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚለውን ክፈቺ። የሚታደለውን የመጨረሻ ቁጥር ከ100 እስከ 250 አድርጊው። የኪራዩን ዘመን ወደ 2 ሰዓት አውርጂው። ለአራቱ ኮምፒውተሮችና ለፕሪንተሩ ደግሞ ቋሚ አድራሻ ያዢላቸው፤ ራውተሮች ይህን የሚያደርጉበት ቦታ አላቸው። ፕሪንተር በተለይ አድራሻው ሲቀያየር «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ጠፋ» የሚያሰኝ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሠራተኛ ኢንተርኔት ያጣል ብለው ጠሩኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስፈትሽ ዋልኩ። በመጨረሻ አንድ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ አድራሻውን አየሁት፤ 192.168.0.7 ይላል። የቢሮው ኔትወርክ ግን በ10 ነው የሚጀምረው። ለካ አንድ ሰው ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ከቤቱ ያመጣውን ራውተር ጠረጴዛ ሥር ሰክቶታል። «አድራሻ የሚሰጥ አለ?» ሲባል ያም ራውተር «አለሁ» እያለ ነበር። ኮምፒውተር ደግሞ እውነተኛው ሰጪ ማን እንደሆነ አያጣራም፤ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ኬብል ከመንካቴ በፊት አድራሻ አያለሁ።

ሱቅ ውስጥ ያለው ወሬ ቀላል ነው። ኮምፒውተርሽ ለፕሪንተሩ መላክ ሲፈልግ «192.168.1.20 ማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል። ፕሪንተሩ «እኔ ነኝ» ብሎ ከፋብሪካ የተሰጠውን የማክ ቁጥር ይነግረዋል። ይህ ጥሪ ኤአርፒ ይባላል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ በቀጥታ ይሄዳል። ከውጭ ማንም አያስፈልግም። ኢንተርኔት ጠፍቶም ማተም የምትችዪው ለዚህ ነው።

ወደ ውጭ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚሰፋው። አንድ ደንበኛ 3 ሜጋባይት ፎቶ ላኪልኝ አለሽ እንበል። ፎቶው እንዳለ አይሄድም። ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። አንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ፓኬት ከነራስጌው፣ ማለትም አድራሻው ከሚጻፍበት ክፍል ጋር፣ ቢበዛ 1,500 ባይት ነው። ስለዚህ ያ ፎቶ ከ2,000 በላይ ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ላይ የላኪና የተቀባይ አይፒ አድራሻ ይጻፍበታል።

ይህን ከመናኸሪያችን ጋር አስተያዪው። ከጅማ አዲስ አበባ የተለመደው መንገድ በጊቤ ወርዶ በወልቂጤ ነው። እሱ ከተዘጋ በአጋሮ፣ በበደሌና በነቀምት ዞሮ መግባት ይቻላል። ራውተርም እንደዚያ ነው። ፓኬት ሲደርሰው አድራሻውን አይቶ «ለዚህ የሚቀርበው ቀጣይ ጣቢያ የቱ ነው?» ይላል፣ ለዚያ ያቀብላል፣ በቃ። ጉዞውን በሙሉ አያውቅም። ውስጡ ፎቶ ይሁን ደብዳቤ አይመለከተውም። ከ2,000ዎቹ አንዳንዶቹ በሌላ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ኋላ ተልከው ቀድመው ይደርሳሉ። አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። መንገድ ጠፍቶት ዘላለም የሚዞር ፓኬት እንዳይኖር ደግሞ እያንዳንዱ ላይ ቆጣሪ አለ። ሊኑክስ በ64፣ ዊንዶውስ በ128 ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀንሳል። ዜሮ ሲሆን ይጣላል።

አይፒ የሚባለው ስምምነት ሥራው እዚህ ያበቃል። «አደርሳለሁ» ብሎ ቃል አይገባም፤ «እሞክራለሁ» ነው የሚለው። ይህ እንዲሁ የመጣ ድክመት እንዳይመስልሽ። ታስቦበት ነው። የመጀመሪያው መልእክት የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት የተላከው ጥቅምት 29 ቀን 1969 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ነበር። በእንግሊዝኛ ‹ሎጊን› ሊሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት እንደደረሱ ሲስተሙ ወደቀ። በኋላ ሬዲዮውም፣ ሳተላይቱም፣ ሽቦውም የየራሱን ኔትወርክ ሠራ። እርስ በርስ መግባባት አቃታቸው። ተመራማሪዎቹ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 ያቀረቡት ሐሳብ መሐሉ ቀላል ይሁን፣ ብልሃቱ ዳርና ዳር ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ይሁን የሚል ነበር። አርፓኔት በጥር 1 ቀን 1983 ወደዚህ አሠራር ተሻገረ። ዛሬ ሄርማታ ያለችው ኮምፒውተርሽ የምትሠራው በዚያው ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል፤ ያኔ ያልነበረ ፋይበርም፣ ያልነበረ ስልክም ያለ ጭቅጭቅ ገባበት።

መንገድ ላይ የቀረውን የሚያስመልሰው ቲሲፒ ነው። ቲሲፒ ሥራ የሚጀምረው ልክ እኛ ስልክ እንደምናወራው ነው።

«ሃሎ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል፤ እኔስ እሰማለሁ?»

«ትሰማለህ።»

ሦስት ፓኬት ናት። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ባይት በቁጥር ይላካል። ተቀባዩ «እስከዚህ ደርሶኛል» እያለ ይመልሳል። መሐል አንዱ ከጎደለ ላኪው ያችኑ ደግሞ ይልካል። ተዘበራርቆ የመጣውን ተቀባዩ በተራው ያስተካክላል። መንገዱ ሲጨናነቅ ደግሞ ቲሲፒ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋይል ስታወርጂ ቁጥሩ ወረድ ወጣ የሚለው ለዚህ ነው። የቪዲዮና የድምፅ ጥሪ ብዙ ጊዜ በሌላው፣ በዩዲፒ ነው የሚሄደው። ዩዲፒ የጠፋ አያስመልስም። በወሬ መሐል አንድ ቃል ቢቆረጥ ይሻላል፣ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ደርሶ ከሚያደናግርሽ።

እዚህ ላይ ስለ ርቀትም ልበል፣ ሰው ሁሉ ዘገየ ስለሚል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጅማ አዲስ አበባ በመንገድ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደርሶ መልስ 4 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሰርቨሩ፣ ማለትም የምትፈልጊው ነገር የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ አውሮፓ ከሆነ ግን ፓኬቱ በየብስ እስከ ጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ እስከ ጅቡቲ፣ ወርዶ በባሕር ሥር ኬብል መሻገር አለበት። መንገዱ 7,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ ከ70 ሚሊሰከንድ አያንስም። ያ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ደግሞ ለእያንዳንዱ አዲስ ግንኙነት ይደገማል። ፓኬጅ ብትጨምሪም ይህ አይቀንስም።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽሽ ልምጣ። ቴሌግራም ይሠራል፣ ድረ ገጽ አይከፍትም።

ኮምፒውተር የሚሄደው በቁጥር ነው። ሰው ግን ስም ነው የሚይዘው። ስልክሽ ላይ «እማዬ» ብለሽ ትጫኛለሽ፣ ስልኩ ቁጥሯን ይደውላል። ዲኤንኤስ የኢንተርኔት የስልክ ማውጫ ነው። መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተሮች ስም በአንድ ፋይል በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚያዘው። ያ አልቻል ሲል ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ዲኤንኤስን ነደፈ። ጥያቄው ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲን ድረ ገጽ ውሰጂ፤ ስሙ በ‹ኢዲዩ ዶት ኢቲ› ያበቃል። ፈላጊው መጀመሪያ ሥሩ ላይ ያሉትን፣ የማውጫውን የበላይ ሰርቨሮች፣ «የኢቲ ኃላፊ ማን ነው?» ይላል። ኢቲ የኢትዮጵያ ነው። የኢቲውን «የኢዲዩስ?» ይለዋል። ከዚያ «የዩኒቨርሲቲው ቁጥር ስንት ነው?» ይላል። ቁጥሩ ሲመጣ ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጠዋል፣ ሁልጊዜ እንዳይጠይቅ።

ብራውዘርሽ ይህን መልስ ሳያገኝ አንድ እርምጃ አይራመድም። የቴሌግራም አፕ ግን የሰርቨሮቹን ቁጥር አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ስም መጠየቅ ሳያስፈልገው በቀጥታ ይደውላል። እንግዲህ ቴሌግራም እየሠራ ድረ ገጽ ሁሉ እምቢ ካለ መስመሩ ደህና ነው፣ አይፒውም ደህና ነው፣ ቲሲፒውም ደህና ነው። መልስ ያጣው ማውጫው ነው። በብዛት የሚያጋጥመኝ ትንሿ ራውተር ጥያቄ ሲበዛባት ስም ማቀበሉን ስታቆም ነው። አጥፍቶ ማብራት ለጊዜው የሚያድናትም ለዚህ ነው። ራውተሩ ላይ ዲኤችሲፒ ባየሽበት ገጽ ዲኤንኤስ የሚል ሁለት ክፍት ቦታ ታገኛለሽ። አንዱ ላይ 8.8.8.8፣ ሌላው ላይ 1.1.1.1 ጻፊ። የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር ነው፤ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ያዢልኝ ያልኩሽ ይህችን ነበር። ራውተሩ አድራሻ ሲያድል ይህንንም አብሮ ስለሚሰጥ አራቱም ኮምፒውተሮች በአንዴ ይስተካከላሉ። ከዚያ አጥፍተሽ አብሪያቸው።

ቀረ አራተኛው። ይህ ራውተርን አይመለከትም። ድረ ገጾች ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወሬውን በሚመሰጥረው ስምምነት፣ በኤችቲቲፒኤስ፣ ነው የሚከፈቱት። የቲሲፒው «ሃሎ» ካለቀ በኋላ ሰርቨሩ የምስክር ወረቀት ያሳያል፦ «እኔ እውነተኛው ነኝ፣ ወረቀቴ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል» ይላል። የወረቀቱ ዘመን አጭር ነው። ብራውዘሩ ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። እስቲ የአራተኛውን ኮምፒውተር ቀን እዪው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሲአር 2032 ብለሽ ጠይቂ፣ ትገኛለች። ሌላም አለ፤ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሰው ቀኑ ሲሳሳት በኛ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። ዓመተ ምሕረቱ ለኛ ልክ ነው። ለምስክር ወረቀቱ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። «ይህ ወረቀት ገና አልወጣም» ብሎ ብራውዘሩ በሩን ይዘጋል። ኮምፒውተሩን በፈረንጆቹ ቀን አድርጊው፤ የኛን ግድግዳው ላይ ስቀዪው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብሽ ባለሙያ ከመጥራትሽ በፊት ይህን አድርጊ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺና በእንግሊዝኛ ፊደል ‹አይፒኮንፊግ› (ipconfig) ብለሽ ጻፊ። አድራሻው በ169.254 ከጀመረ እዚያው ቁሚ፣ ችግሩ ዲኤችሲፒ ነው። በ192.168 ከጀመረ ‹ፒንግ› (ping) ብለሽ የራውተሩን ቁጥር ጻፊ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ፒንግ «አለህ?» ማለት ነው። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ ሱቅሽ ውስጥ ነው። ከመለሰ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጊ። ራውተሩ መልሶ እሱ ዝም ካለ የተቋረጠው ከሱቅሽ ውጭ ያለው መስመር ሳይሆን አይቀርም፤ ያን ጊዜ አገልግሎት ሰጪውን ነው መጥራት። እሱም ከመለሰ ጉግል ዶት ኮምን በስሙ ፒንግ አድርጊ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ እምቢ ካለ ዲኤንኤስ ነው። አንዳንድ ሰርቨር ሆን ብሎ ለፒንግ አይመልስም፤ ስለዚህ በሌላ አድራሻ አትፈትኚ፣ በእነዚህ ሁኚ።

ሦስቱም ፒንጎች መልሰው ድረ ገጹ አሁንም ካልከፈተ ሰዓቱን እዪ። ሰዓቱም ልክ ከሆነ ጥቁሩን መስኮት በስልክሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የቱ ጋ እንደቆመ ከዚያ ላይ አነብልሻለሁ።